የዳቦ ሣጥኖቹና የአቶ ክሬይን ቆጠራ

በመጋቢት ወር፣ በሦስተኛው ቅዳሜ ጠዋት፣ የደረቀ ዳቦ በወረቀት ከረጢት ይዤ ወደ ቦዩ ዳር ስወርድ አቶ ክሬይንን ሣሩ ላይ ተንበርክከው አገኘኋቸው። ከጉልበታቸው ሥር ፕላስቲክ አንጥፈዋል፤ ዓይናቸው አንድ የአይጥ ጉድጓድ አፍ ላይ ተተክሏል።

«ደህና አደሩ፣ አቶ ክሬይን። ስንት ደረሰ?»

«ሠላሳ አንድ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ይቺን ጉድጓድ ትናንት በጋዜጣ ወትፌያት ነበር። ይኸው፣ አይጧ የስፖርቱን ገጽ ጎትታ አውጥታዋለች። ማንበብ የምትወድ ናት።»

አቶ ክሬይን አርባ ዓመት ሙሉ የከተማችን አይጥ አጥፊ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ብዙ ዓመት ቢሆናቸውም የመጋቢት ቆጠራቸውን አላቋረጡም። ዓርብ ዕለት በቦዩ ዳር ያለውን ጉድጓድ ሁሉ በጋዜጣ ይወትፋሉ፤ ቅዳሜ ተመልሰው የተከፈተውን ብቻ ይቆጥራሉ። የተከፈተው ነዋሪ አለው፤ ያልተከፈተው ባዶ ቤት ነው። ስህተት እንዳይገባ በወሩ ውስጥ ሦስት ቅዳሜ ይደጋግሙታል። ይህን እንዲያደርጉ ያዘዛቸው የለም። በጭቃና በዝናብ እንዲህ የሚደክም ሰው በእኔ ዘንድ ትልቅ ክብር ነበረው። ቀጥሎ የምተርከው ነገር ክብሩን ጨመረው እንጂ አልቀነሰውም።

ዳቦዬን ቢጫው ሣጥን ውስጥ ስከት አዩኝ።

«ወይዘሮ ሄስተር፣ ዛሬም ግማሹ ተረፈ? ዳቦ ቤቱ እኮ ግማሽ ቆርጦ ይሸጥልዎታል። ለአንድ ሰው ሙሉ ምን ያደርጋል?»

«አውቃለሁ» አልኩና ክዳኑን ዘጋሁት። ሙሉ ዳቦ መግዛት የለመድኩት ሁለት ሆነን ስንኖር ነው። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ሣጥኖቹ ወደ ሰፈራችን ወደ ሌምካደ የመጡት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። በእኛ ሰፈር ዳቦን ከቆሻሻ ጋር ለመጣል እጁ የሚታዘዝለት ሰው ጥቂት ነው። ከሞሮኮና ከቱርክ የመጡት ጎረቤቶቻችን ነውር ነው ይላሉ፤ እንደ አቶ ክሬይን ያሉት ሽማግሌዎች ደግሞ በልጅነታቸው የዓለም ጦርነቱን የረሃብ ክረምት አይተዋል። ስለዚህ ያደረው ዳቦ ሁሉ «ለወፎቹ» እየተባለ ቦዩ ዳር ይበተን ነበር። ወፎቹ የቻሉትን ይበላሉ፤ የተረፈውን አይጦቹ ይረከባሉ። አራቱ ሣጥኖች ከተተከሉ ወዲህ ግን ዳቦው እዚያ ይገባል፤ በየሳምንቱ መኪና መጥቶ ይወስደውና ጋዝ ይሠራበታል።

የሣጥኖቹን ቁልፍ የያዘችው ፋዲላ ናት፤ ምድር ቤት የምትኖር፣ የስምንት ወር ልጅ ያላት ወጣት እናት። ሣጥኖቹ ከመምጣታቸው በፊት የአይጥ መንጋ በወጥ ቤቷ ወለል በኩል እየገባ የታላቅ ልጇን አልጋ እግር ሳይቀር ፍቆባት ነበር። አሁን ያ ሁሉ ቀርቷል። ነገር ግን ሣጥኖቹ ሊነሡ ነው። እንዲነሡ ደብዳቤ የጻፉትም አቶ ክሬይን ናቸው። እኔ የሌምካደ ነዋሪዎች ማኅበር ጸሐፊ ስለሆንኩ ደብዳቤው በእጄ አልፏል፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሰፈሩ አዳራሽ ተነቦ በወረዳው ተወካይ ፊት ድምፅ ይሰጥበታል። አይጥን በተመለከተ የእሳቸውን ቃል የሚጠራጠር ሰው በወረዳው የለም።

ፋዲላ ልጇን በጋሪ እየገፋች መጣች።

«አባባ ክሬይን፣ ሐሙስ ቁልፉን ለማን ላስረክብ?»

«ለወረዳው ሰዎች፣ ልጄ።»

«አይጦቹንስ ለማን አስረክቤ እተኛለሁ?»

አቶ ክሬይን ሳያዩዋት ሌላ ጉድጓድ ላይ ጎንበስ አሉ፤ እሷም ጋሪዋን እየገፋች መንገዷን ቀጠለች። ሰውዬው ጨካኝ እንዳይመስሏችሁ፤ ከቆጠሩት ውጭ የማይናገሩ ሰው ስለሆኑ ነው።

በዚህ መሐል ቢስክሌት ደወል አሰማ። ሱካይና ነበረች፤ የሌምካደ ልጅ፣ በአንድ ወቅት ጂኦግራፊ ያስተማርኳት፣ አሁን በማዘጋጃ ቤቱ የጥናት ክፍል የምትሠራ። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷን ልትጠይቅ ትመጣለች።

«አቶ ክሬይን! ሣጥኖቹን ሊያስነሡ ነው አሉ። እናቴ ከትናንት ጀምራ ስምዎ ሲነሣ ሻይዋን ትገፋለች።»

«ንዴቷ ሲበርድላት ቁጥሩን አሳያታለሁ። ቁጥር አይቆጣም።»

«እስቲ እኔ ሳልቆጣ ያሳዩኝ።»

አቶ ክሬይን ተነሡ፤ ጉልበታቸውን አራገፉና ደብተራቸውን ከካፖርታቸው ኪስ አወጡ።

«ከሣጥኖቹ በፊት በዚህ ዳር ስልሳ ጉድጓድ ነበር። አሁን ሠላሳ አንድ። ደስ ይላል አይደል? ቆይ፣ አትደሰቺ። ማዶ ተመልከቺ።» እጃቸውን ከቦዩ ማዶ ወዳለው ሰፈር፣ ወደ ቬንካንት ዘረጉ። «እዚያ አንድም ሣጥን የለም። ሃምሳ ስምንት የነበረው ሠላሳ አራት ሆኗል። እኛ በሃያ ዘጠኝ ቀነስን፣ እነሱ ያለ ሣጥን በሃያ አራት። ልዩነቱ አምስት ጉድጓድ ነው። ለአምስት ጉድጓድ ብሎ መኪና የሚመላለስበት ምክንያት የለም። የቀነሳቸው የክረምቱ ብርድ ነው።»

«ቁጥሩን አምናለሁ» አለች ሱካይና። «እንደ እርስዎ የሚቆጥር ሰው በመሥሪያ ቤታችን ቢኖር ሥራችን በቀለለ ነበር። ማዶን ለምን እንደመረጡ ብቻ ይንገሩኝ።»

«ይኸውላችሁ የዩኒቨርሲቲ ጥያቄ! ማዶ ነዋ! ያው ጡብ፣ ያው ውኃ፣ ያው ብርድ፣ በአንድ ዓመት የተሠራ ቤት። አንዱን መንታ መድኃኒት አጠጥተሽ ሌላውን ከከለከልሽ በኋላ ማን እንደዳነ ታያለሽ። ማዶ መንታችን ነው።»

ይህ የእሳቸው ብቻ ልማድ አይደለም። በቦይ ዳር ያደግን ሰዎች ሁላችንም ራሳችንን የምንለካው በማዶ ነው፤ መጋረጃችንን፣ የአበባ ሣጥናችንን፣ የልጆቻችንን ውጤት ሳይቀር። ማዶ ሁልጊዜ ፊት ለፊታችን ስለሆነ ትክክለኛ መለኪያ ይመስለናል።

«መንታዎቹ አንድ ቤት የሚያድሩ ከሆኑስ?» አለች ሱካይና። «ለአንዱ የተሰጠውን መድኃኒት ሌላው እየተነሣ የሚጠጣለት ከሆነስ?»

«እሱ ደግሞ ምን ማለት ነው?»

መልስ ሳትሰጥ አንድ ሰው ከቬንካንት በኩል ድልድዩን ተሻግሮ መጣ። ሰማያዊ ከረጢት ይዟል። አጠገባችን ሲደርስ የሣጥኑን ክዳን ከፍቶ ሁለት ሙሉ ዳቦ ዘረገፈበት።

«አንተ ሰውዬ!» ብለው ጮኹ አቶ ክሬይን። «በሰፈርህ አትጥልም?»

«በሰፈሬ ሣጥን መች አለና!» አለ ሰውዬው እየሳቀ፤ ባዶ ከረጢቱን አጣጥፎ በመጣበት ተመለሰ።

«አያችሁ? በየቀኑ እንዲህ ነው!» አሉ አቶ ክሬይን ፊታቸው ቀልቶ። «ግማሹ ዳቦ የእነሱ ነው። ሣጥኖቻችን ረቡዕ ሳይደርስ የሚሞሉት በእነሱ ነው። ለማዘጋጃ ቤቱ አሥራ አንድ ጊዜ አመልክቻለሁ። እዚሁ ጽፌዋለሁ፣ ከነቀኑ።»

ሱካይና አልሳቀችም፤ የድል ፊትም አላሳየችም። ለስለስ ባለ ድምፅ፣ መንገድ እንደጠፋው ሰው ጠየቀች፦

«ያ ዳቦ ከሣጥኖቹ በፊት የት ይጣል ነበር?»

«የት ይጣላል? እዚያው በእነሱ ዳር፣ ለወ…» አሉና ቃሉን ሳይጨርሱ ደብተራቸውን መልሰው ገለጡ።

ቦዩ ላይ ሁለት ዳክዬዎች ያልፉ ነበር። በአንድ ደብተር፣ በአንድ ሰው እጅ፣ ሁለት ነገር ተጽፎ ኖሯል፤ በአንዱ ገጽ «ማዶም ያለ ሣጥን ቀነሰ» የሚል፣ በሌላው ገጽ «የማዶ ሰዎች ሣጥናችንን ሞሉብን» የሚል። ሁለቱ ገጾች ተገናኝተው አያውቁም ነበር።

ዝናብ ጀመረ። ቤታቸው ቅርብ ስለነበር ሦስታችንም ወጥ ቤታቸው ገባን። ቡና አፈሉ፤ የብስኩት ቆርቆሮውን ከፍተው ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ሰጡንና መልሰው ከደኑት። በአገራችን ይህ ንፍገት አይደለም፣ ሥርዓት ነው።

«ሁለተኛ የለም?» አለች ሱካይና ለማሾፍ።

«ሁለተኛውን የሚበላ ክርክሩን የረታ ነው። ገና አልረታሽኝም። ይሁን፣ ጥቂት ዳቦ ተሻገረ እንበል። ጥቂት ዳቦ ሃያ አራት ጉድጓድ ይዘጋል?»

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቂም?»

«ማዶን አይቼ ላውቅ አልችልማ። የእኛ ሣጥን ማዶን ከነካው፣ ማዶ ሣጥን ያልመጣበትን ሰፈር ሊያሳየን አይችልም። እርስዎ ያሉት አምስት ጉድጓድ የሣጥኑ ሥራ ሁሉ አይደለም፤ እኛ ካገኘነው ላይ እነሱ ያገኙት ሲቀነስ የቀረው ነው። ጎረቤት ባገኘ ቁጥር የእኛ ያነሰ ይመስላል። በተገላቢጦሽም ሊያሳስት ይችል ነበር። ሣጥኑ አይጦቹን አስርቦ ወደ ማዶ ቢያሰድዳቸው ኖሮ፣ የእኛ ሲቀንስ የእነሱ ይጨምርና ‹ሣጥኑ ተአምር ሠራ!› ብለው ይጽፉ ነበር። አንድም አይጥ ሳይሞት።»

አቶ ክሬይን ቡናቸውን አስቀመጡ። «ይሄኛውን አውቀዋለሁ። አይጥ ይዋኛል። ወጣት ሳለሁ አንድ መጋዘን አጽድቼ ተሸልሜ፣ በወሩ አጠገቡ ያለው መጋዘን በአይጥ ተወረረ። ሽልማቱን ግን አልመለስኩም።»

«ታዲያ!»

«ታዲያ ምን? ከማን ጋር ልለካ? ከባሕር ማዶ?»

«ከሩቅ ሰፈር ጋር። ዳቦ ይዞ ማንም ከማይሻገርበት፣ አይጥም ዋኝቶ ከማይደርስበት።»

«ሞኝነት ነው!» ጠረጴዛውን በጣታቸው መቱ። «ሩቁ ሰፈር እኛን አይመስልም። ሌላ ቤት፣ ሌላ አፈር፣ ሌላ ሰው። ቅርቡን የመረጥኩት እኮ ስለሚመሳሰል ነው! አንቺ ከሚመስለኝ አስጥለሽ ከማይመስለኝ ጋር ልታወዳድሪኝ ነው?»

ይህ ጠንካራ መልስ ነበር፤ ሱካይናም አልናቀችውም። ቅርቡ ይመሳሰላል፣ ግን ተነክቷል፤ ሩቁ አልተነካም፣ ግን ይለያል። የሙግቱ ልብ እዚህ ላይ እንደሆነ የገባኝ እኔም ያን ጊዜ ነው።

«እውነትዎን ነው፤ ዝም ብሎ ሩቅ መሆን አይበቃም» አለች። «ስለዚህ ብዛታቸውን አናወዳድር፤ ለውጣቸውን እናወዳድር። ሣጥኑ ከመምጣቱ በፊት ለብዙ ዓመት ከእኛ ጋር እኩል ሲጨምርና ሲቀንስ የነበረ ሩቅ ሰፈር ካገኘን፣ ብርድ ሲመጣ እኛ ላይ የሚሠራው እሱም ላይ ይሠራል ብለን ማመን እንችላለን። እንዲህ ያለ ነገር የሚታወቀው ግን ማንም ዘንድ በሌለ መዝገብ ነው።»

«ማንም ዘንድ በሌለ?» አሉ አቶ ክሬይን።

ተነሡ። ከምግብ ማስቀመጫው በላይ ካለው መደርደሪያ የደብተር ቁልል አውርደው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። ሃያ ደብተር፣ የሃያ ዓመት መጋቢት። የእኛ ዳር ብቻ ሳይሆን የከተማዋ ስድስት ሰፈሮች ቆጠራ በውስጡ አለ። በጡረታ ዘመናቸው ሁሉንም በትራም እየዞሩ ይቆጥሩ እንደነበር ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

ሱካይና እጇን አፏ ላይ አደረገች። «አቶ ክሬይን… ይህን ማን ያውቃል?»

«አይጦቹ።»

ከዚያ ሦስታችንም ተከፋፍለን ደብተሮቹን አገላበጥን። ዛንድሆክ የሚባለው ሰፈር ከባቡር ሐዲዱ ባሻገር፣ በትራም ሩብ ሰዓት የሚያስኬድ ነው። የእነሱ ቤቶች ከእኛ ያንሳሉ፣ አፈሩም አሸዋማ ነው። ነገር ግን ከሣጥኖቹ በፊት በነበሩት ዓመታት፣ ከሁለት ወይም ከሦስቱ በቀር፣ ሌምካደ ሲጨምር ዛንድሆክ ይጨምራል፤ ሌምካደ ሲቀንስ ይቀንሳል። ቦዩ ሁሉ በረዶ የሆነበት ያ ክረምትም እኩል ቀጥቷቸዋል።

«አሁን የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ያንብቡልኝ» አለች ሱካይና። ራሷ አላነበበችም፤ ለሳቸው ተወችላቸው። ይህን ጨዋነቷን አደነቅሁ።

አቶ ክሬይን መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ዛንድሆክ። ከሣጥኖቹ በፊት ሃምሳ ሰባት። ዘንድሮ…» ትንሽ ቆዩ። «ዘንድሮ ሃምሳ አምስት።»

«ክረምቱ ስንት ቀነሰ ማለት ነው?»

«ሁለት።»

«እኛስ?»

«ሃያ ዘጠኝ። ሁለቱ የክረምቱ ከሆነ ሃያ ሰባት የሣጥኑ። ማዶ ደግሞ ሃያ ሁለት…» እርሳሱን አስቀመጡ። «እኔ አምስት ብዬ ጻፍኩ። የሁለቱን ድምር፣ አርባ ዘጠኙን፣ አምስት ብዬ!»

እሷ ግን ለድሉ አልተቻኮለችም። «ቆይ እንጂ፤ ማዶ የቀነሰው በዳቦው ምክንያት ለመሆኑ ገና ማስረጃ የለንም። ዳቦው ከሆነ፣ ከድልድዩ አጠገብ ብዙ፣ ከድልድዩ ራቅ ብሎ ጥቂት መቀነስ አለበት። ማንም ዳቦ ተሸክሞ ግማሽ ሰዓት አይሄድምና።»

አቶ ክሬይን ደብተሩን መልሰው ገለጡ። ቬንካንትን ሁልጊዜ በሁለት ከፍለው ነበር የሚቆጥሩት፤ አንድ ቀን ስለማይበቃቸው ብቻ። «ከድልድዩ አጠገብ ሠላሳ ነበር፣ አሥር ሆኗል። ኋለኛው በኩል ሃያ ስምንት ነበር፣ ሃያ አራት ሆኗል።» ከዚያ በድንገት ጣታቸውን ቀሰሩ። «አሃ! ግን እንዳትቸኩዪ! በዚያው ዓመት ከድልድዩ አጠገብ የፍሳሽ ቧንቧ ተጠግኗል። ምናልባት የቀነሳቸው ቧንቧው ነው!»

የሱካይና ፊት ጠቆረ። «ይህን አላውቅም ነበር» አለች። «ከሆነ ማስረጃዬ ይፈርሳል። ልደብቅዎ አልችልም።»

ሽማግሌው ተመለከቷት። እንደምትከራከር ጠብቀው ነበር መሰለኝ። ከዚያ ሲናገሩ ድምፃቸው ተለውጦ ነበር፤ ለልጅ እንደሚነገር ሳይሆን ለሥራ ባልደረባ እንደሚነገር።

«አይፈርስም። ቧንቧ ሲጠገን ውስጥ የነበረው አይጥ ቤቱ ይዘጋበትና ወደ ላይ ይወጣል። በዚያ ዓመት ዳር ላይ ያለው ጉድጓድ ይበዛል እንጂ አያንስም። አርባ ዓመት አይቼዋለሁ። ቧንቧው የእኔን ሙግት ሳይሆን የአንቺን ነው የሚረዳው።»

ይህን ለመናገር የተገደዱ አልነበሩም። ዝም ቢሉ ኖሮ ክርክሩ እዚያ ላይ ያበቃ፣ ደብዳቤያቸውም ሳይነካ ይቀር ነበር። በዕድሜዬ ብዙ የተማሩ ሰዎች ሲከራከሩ ሰምቻለሁ፤ ባለጋራው የጎደለውን ማስረጃ ራሱ ሲያቀብል ያየሁት ግን በዚያች ወጥ ቤት ነው።

አቶ ክሬይን የብስኩቱን ቆርቆሮ ከፍተው ወደ ሱካይና ገፉት።

ሐሙስ ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የወረዳው ተወካይ፣ ጥድፊያ የበዛባት ሴት፣ ሣጥኖቹ ወደ ሌላ ወረዳ ለመዛወር ተይዘዋል ብላ ጀመረች፤ «በባለሙያችን በአቶ ክሬይን ምክር መሠረት» አለች። ፋዲላ ቁልፎቹን በእጇ ጨብጣ ከፊት ተቀምጣለች።

አቶ ክሬይን ተነሡ። የሰንበት ኮታቸውን ለብሰዋል።

«ደብዳቤው የእኔ ነው፤ የተሳሳተም ነው» አሉ። «ቁጥሩ ልክ ነው። የተሳሳትኩት ያወዳደርኩት ላይ ነው።»

«ክሬይን፣ አርጅተሃል እኮ!» አለ አንድ ድሮ የሚያውቃቸው ሰው ከኋላ። «ባለፈው ሳምንት ሌላ ነበር ያልከው!»

«ባለፈው ሳምንት ተሳስቼ ነበር። ዛሬ የት ላይ እንደተሳሳትኩ አውቃለሁ። አንተ እዚህ ለመድረስ ስንት ዓመት ይፈጅብሃል?»

ሳቁ ሲበርድ ሁሉንም አስረዱ፤ ስለ ዳቦው፣ ስለ ድልድዩ፣ ስለ ዛንድሆክ፣ ስለ ቧንቧውም። ሱካይና ከግድግዳው ተጠግታ ቆማ ነበር፤ አንድ ቃል አልጨመረችም፤ አላስፈለገምም።

«እሺ» አለች ተወካይዋ ሰዓቷን እያየች፣ «ባጭሩ ሣጥኖቹ ስንት ጉድጓድ ቀነሱ? አንድ ቁጥር ይስጡኝ።»

«ሁለት ነው የምሰጥሽ። በሌምካደ ወደ ሃያ ሰባት፣ በቬንካንት ወደ ሃያ ሁለት። አንድ ብቻ የሚሰጥሽ ሰው ካለ የሆነ ነገር ሊሸጥልሽ ነው። ‹ወደ› ያልኩትንም እንዳትሰርዢው፤ ሩቁ ሰፈር አንድ ብቻ ነውና እርግጠኛ አይደለሁም። ዘንድሮ ሦስት ሩቅ ሰፈር እጨምራለሁ።»

ፋዲላ እጇን አወጣች። «አባባ ክሬይን፣ እነዚያ ሩቅ ያሉትስ? እኛን ለመለካት ብለው ከአይጥ ጋር ይኑሩ?»

አቶ ክሬይን ወደ ሱካይና ዞሩ፤ እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። «ሣጥኑ በአንድ ዓመት ለሁሉም አይደርስም፤ አንዱ መጠበቁ አይቀርም። እስከ ዛሬ የሚጠብቀው በደንብ መጮኽ የማይችለው ሰፈር ነበር። ዕጣ እናውጣ። ቀድሞ ዕጣ የወጣለት ቀድሞ ይወስዳል፤ የሚቀጥለው እስኪደርሰው መለኪያ ይሆነናል፤ ከዚያ እሱም ያገኛል። በሚያገኙትና በሚጠብቁት መካከል ደግሞ ዳቦ የማይሻገርበት ርቀት እንተው።»

እጆች ወጡ። እኔ ቆጠርኩ፤ የተቃወሙት ሁለት ነበሩ። ፋዲላ ቁልፎቹን ወደ ቦርሳዋ መለሰችና ልጇን አቅፋ ወጣች።

ከዚያ ስብሰባ በኋላ የተገኘውን ጥቅም ለአንባቢ በግልጽ ብናገር ይሻላል። አራቱ ሣጥኖች በሌምካደ ቀሩ። በቬንካንት ኋለኛ በኩል፣ ከድልድዩ ርቆ ያለ ሰው እንዲጠቀም፣ ሁለት አዲስ ተተከሉ፤ የእኛም ሣጥን ረቡዕ መሙላቱን ተወ። ወረዳው አንድን ሥራ ከመጣሉ ወይም ከማወደሱ በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ ጀመረ፦ ሥራው የተሠራበት ሰፈር ምን ሆነ፣ አጠገቡ ያለው ምን ሆነ፣ ያልተነካው ሩቁስ ምን ሆነ? ይህ ለአይጥ ብቻ የሚሆን ጥያቄ አይደለም። በአንድ መንገድ መብራት ሲተከል ሌባው ወደሚቀጥለው መንገድ ተዛውሮ ይሆናል፤ በአንድ ሰፈር ክትባት ሲሰጥ ጎረቤቱም ከበሽታው ይድን ይሆናል። ጎረቤቱን እንደ ግድግዳ የቆጠረ ሰው በመጀመሪያው ያልሠራውን ይኮራበታል፣ በሁለተኛው የሠራውን ያፈርሳል። ሰፈሮች ሰዎች ይኖሩባቸዋል፤ ሰዎችም ድልድይ ይሻገራሉ።

በተከታዩ ዓመት መጋቢት፣ ሱካይናና እኔ አቶ ክሬይንን ይዘን በትራም ወደ ዛንድሆክ ሄድን። ብቻዬን ቤት ከምውል ቅዳሜን ጭቃ ውስጥ ማሳለፍን መርጬ ነበር፤ አልተጸጸትኩም። የሌምካደ ቆጠራ ሃያ አራት ደርሶ ነበር፤ የቬንካንት ኋለኛ በኩል ከሃያ አራት ወደ አሥራ አንድ ወርዷል። አቶ ክሬይን የመጨረሻውን ጉድጓድ አይተው እንደ ልጅ እጃቸውን አጨበጨቡ።

«ሃምሳ ስድስት! ሱካይና፣ ሃምሳ ስድስት! ንክች አላለም! ድንቅ ነው!»

በላይኛው ፎቅ መስኮት ተከፈተና አንዲት ሴት አንገቷን አወጣች። «ምንድነው ድንቁ? አይጥ ነው እንዴ የምትቆጥሩት? በአይጥ እንዲህ የሚፈነድቅ ሰው አይቼ አላውቅም!»

«እመቤቴ» አሉ አቶ ክሬይን ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «እናንተ ጋ ምንም ስላልተለወጠ ነው ሌላው ጋ ምን እንደተለወጠ ያወቅነው። ባለውለታችን ናችሁ። ዕጣውም ወጥቶላችኋል፤ የዳቦ ሣጥናችሁ በሚቀጥለው ወር ይተከላል።»

«እስከዚያ ዳቦዬን ምን ላድርገው? እህቴ ሌምካደ ናት፤ እሷ ጋ ስሄድ ይዤ ልሂድ?»

«በፍጹም!» ብለው ጮኹ አቶ ክሬይን በሁለት እጃቸው እየከለከሉ። «እህትዎን ይጠይቁ፣ ይሳሙልኝ፣ ዳቦውን ግን ቤት ያቆዩት! ቆጠራዬን ያበላሹብኛል!»